አንድ ሚሊዮን ዘጠኝና የጋሽ ዲንሳ ግድግዳ

ባለፈው ዓመት እንጅባራ ላይ ጡረታ ስወጣ የሂሳብ መምህራኑ ሻይና ዳቦ አዘጋጅተው ሸኙኝ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ማስተማር ከጀመረ ገና ብዙ ያልቆየ ወጣት፣ ስልኩን አውጥቶ «ቲቸር፣ በሥራ ዘመንዎ ከሁሉም ያስቸገረዎት ቁጥር የትኛው ነው?» አለኝ። ለጨዋታ ነበር የጠየቀኝ። እኔም ሳላስብ «አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ» አልሁት። ስልኩን ነካ ነካ አደረገና ቀና ሳይል «ሁለት መቶ ዘጠና ሦስት ሲባዛ በሦስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሦስት» አለ። ሁሉም አጨበጨቡለት። እኔ ልስቅ ስል እንባዬ ቀደመኝ። መለያየቱ ከብዷት ነው ብለው አባበሉኝ፤ እኔም አዎ አልኋቸው። ነገሩ ግን ሌላ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ዳንግላ ላይ፣ በዚያ ቁጥር ምክንያት አንድ ሰው ታስሮ ነበር። እንዴት እንደታሰረና እንዴት እንደወጣ የሚያውቅ ብዙ ሰው አልቀረም፤ ስለዚህ ልጻፈው።

የተወለድሁት ከግምጃ ቤት ወጣ ባለ ገጠር ነው። ቤታችን የሚነገረው አውኝኛ ነበር፤ አማርኛን የያዝሁት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ሂሳብን ግን ከትምህርት ቤት በፊት አውቀዋለሁ ማለት እችላለሁ። እናቴ ገበያ ላይ ድንች በመደብ በመደብ እያደረገች ስትሸጥ የመደርደሩ ሥራ የእኔ ነበር። አንዳንዱን ክምር በሁለትም በሦስትም መደብ እኩል እከፍለዋለሁ። አንዳንዱ ግን እንዴት ባደርገው አንድ ድንች ይተርፈኛል ወይም ይጎድለኛል። የተረፈችውን ይዤ ስቀመጥ እናቴ «ምን ሆነሻል? ጣል አድርጊያት ካንዱ ላይ» ትለኝ ነበር። መጣሉ ደስ አይለኝም ነበር።

መምህርት ሆኜ መጀመሪያ የተመደብሁት አዘና ነው፣ አምስተኛ ክፍል። ርዕሰ መምህሩ ደወሉን ራሳቸው ካልደወሉ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ነበሩ፤ ታመው የተኙ ዕለት እንኳ ጋቢያቸውን ለብሰው መጥተው ደውለው ተመለሱ። ከዚያ ግምጃ ቤት ተዛወርሁ። እዚያ ያገኘኋቸው አለቃ ደግሞ ሴት መምህርት ለእጅ ሥራ እንጂ ለሂሳብ አትሆንም ብለው ያምኑ ነበርና ሁለት ዓመት ሙሉ ዳንቴል አስተማርሁ። አልተቀየምኋቸውም፤ ዳንቴልም ቆጠራ ነው። ክረምት ክረምት እየተማርሁ ዲፕሎማዬን ስይዝ ዳንግላ ሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መምህር ጎድሎ ስለነበር ወደዚያ ሰደዱኝ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ጋሽ ዲንሳን ያገኘኋቸው እዚያ ነው።

ጋሽ ዲንሳ ከወለጋ መጥተው ዳንግላ የከረሙ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጅ የሌላቸው፣ ረጅምና ቀጭን ሰው ነበሩ። ጠመኔያቸውን በባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ነበር የሚይዙት፤ አንድም ስባሪ አይጥሉም። እምነታቸው ጴንጤ ነበር። በዚያን ጊዜ የጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ ስለነበር የእምነቱ ሰዎች ሁለት ሦስት እየሆኑ በየቤቱ ይጸልዩ ነበር ይባላል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ስለ እምነት ተነጋግረን አናውቅም። የምንነጋገረው ስለ ሥራችን ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ሳስተምር አንዳንድ ጊዜ ከኋላ ወንበር መጥተው ይቀመጡና ሲወጡ አንድ ነገር ብቻ ይነግሩኛል። አንድ ቀን «ዛሬ ልጆቹ ሊደርሱ ሲሉ መልሱን ቀማሻቸው» አሉኝ። ሌላ ቀን «ጥያቄ ጠይቀሽ ፊታቸውን ታያለሽ። እነሱም ፊትሽን ያያሉ። መልሱን ከፊትሽ ላይ ነው የሚያነቡት» አሉኝ። እሳቸው ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ጀርባቸውን ለተማሪዎቹ ሰጥተው በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከታሉ። ክፍሉ ጸጥ ይላል። አንዱ መልስ እስኪሰጥ አይዞሩም። መጀመሪያ ላይ ንቀት መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ራሴ ሞክሬ ሳየው ከባዱ ሥራ እሱ መሆኑን አወቅሁ፤ ዝም ማለት።

ሌላው ልማዳቸው ስህተትን አለማጥፋት ነበር። ተማሪ ሰሌዳ ላይ ሲሳሳት ዳስተሩን ይደብቁታል። «ተወው። የተሳሳትህበትን ካጠፋኸው የት ላይ እንደተሳሳትህ በምን ታውቃለህ?» ይሉታል።

ቁጥሩ የመጣው ከዚያ ክፍል ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ስለ ፕራይም ቁጥሮች እያስተማሩ ነበር፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ሌላ ቁጥር እኩል ስለማይከፍለው ማለት ነው፤ እንደ ሰባት፣ እንደ አሥራ ሦስት። እነዚህ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው አስረዷቸው። አንዲት ተማሪ ግን አልረካችም። «ቲቸር፣ ማለቂያ የላቸውም ብለውናል። ታዲያ ከሚሊዮን በላይ ያለውን አንዱን ያሳዩን» አለቻቸው። ጋሽ ዲንሳ ይህን ወደዱት። ሰሌዳው ላይ 1000009 ብለው ጻፉ። የመረጡት መልኩን ወደውት ነው፤ ሺህ በሺህ ሲባዛ፣ ሦስት በሦስት ሲባዛ፣ ሁለቱ ሲደመሩ አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ ይሆናል። «ይህንን እንፈትነዋለን» አሉ።

መፈተኛው መንገድ ቀላል ነው፤ አድካሚ ነው እንጂ። ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው አንድ ሚሊዮን ዘጠኝን ከሰጡ ከሁለቱ አንዱ የግድ ከሺህ ያንሳል፤ ሺህ በሺህ ራሱ ሚሊዮን ነውና። ስለዚህ ከሺህ በታች ያሉትን ፕራይሞች በሙሉ ተራ በተራ ማካፈል ነው። አንዱም ካልከፈለው ፕራይም ነው። መጨረሻው ዘጠኝ ስለሆነ በሁለትና በአምስት አይካፈልም። አሃዞቹ ሲደመሩ አሥር ስለሚሆኑ በሦስት አይካፈልም። ከሰባት ጀምሮ ግን አቋራጭ የለም፤ እያንዳንዱን ቁጭ ብሎ ማካፈል ነው።

ደብተር በዚያን ጊዜ በቁጥር ነበር የሚታደለን። ጋሽ ዲንሳ የልጆቹን ወረቀት ለራሴ አምሮት አላባክንም አሉ። ይኖሩበት የነበረው ክፍል በነጭ አፈር የተለቀለቀ ስለነበር ማታ ማታ ከምድጃ ከሰል እያነሡ ግድግዳው ላይ ያካፍሉ ጀመር። እንደ ልማዳቸው አንዱንም አያጠፉም። ከመስከረም ጀምረው ሚያዝያ ላይ ጨረሱ። አንድ ጠዋት ክፍል ገብተው «አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ ፕራይም ነው» ሲሉ ልጆቹ ጠረጴዛ ደበደቡ። እኔም ከጎረቤት ክፍል ሰምቼ ደስ አለኝ።

ከፋሲካ በኋላ ነው የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች መጥተው የፈተሹዋቸው። ዲንሳ ቤት ሰው ይሰበሰባል የሚል ጥቆማ ደርሷቸው ነበር አሉ። ሲገቡ የተሰበሰበ ሰው አላገኙም። መጽሐፍም አላገኙም። ያገኙት ከወለሉ እስከ ጣሪያው በከሰል ቁጥር የጠቆረ ግድግዳ ነው።

የቤቱ ባለቤት እማማ ስንዱ ወደ ትምህርት ቤት ሮጠው መጥተው ከክፍል አስጠሩኝ። ነጠላቸው ወገባቸው ላይ ወርዷል።

«ልጄ፣ ጋሼን ወሰዷቸው።»

«ማን ነው የወሰዳቸው እማማ? በምን?»

«በግድግዳው ነው አሉኝ። የምስጢር ጽሑፍ ነው አሉ። ግድግዳ ሰው ሲያሳስር እኔ አይቼ አላውቅም። አንቺ የሳቸውን የቁጥር ቋንቋ ታውቂያለሽ፤ ሂጂና ንገሪያቸው።»

ሄድሁ። የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ አለኸኝ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የደመራ ዕለት ልጆች እንዳይቃጠሉ ራሳቸው ቆመው የሚጠብቁ ሰው ነበሩ። ግን ፈርተዋል። የፈራ ሰው ደግሞ ነገር ይበዛበታል። እንደ እናቴ ድንች አድርጌ ለማስረዳት ሞከርሁ። ጠጠር ለቅሜ ጠረጴዛቸው ላይ ደረደርሁ። አሥራ ሁለት ጠጠር በሦስትም በአራትም መደብ እኩል ይሆናል፤ አሥራ ሦስት ግን እምቢ ይላል፤ የጋሽ ዲንሳም ቁጥር እንደ አሥራ ሦስቱ ነው፤ ትልቅ በመሆኑ ነው ረጅም ጊዜ የወሰደባቸው አልኋቸው። አቶ አለኸኝ ጠጠሮቹን ትክ ብለው አዩ።

«እንግዲህ ይህ ቁጥር ማንም አይከፍለውም ነው የምትዪኝ?»

«አዎ።»

«ብቻውን ይቆማል።»

«አዎ፣ ብቻውን ይቆማል።»

«እኔ ይህ አነጋገር አይጥመኝም መምህርት። ደግሞስ ማን አዘዛቸው?»

«ማንም አላዘዛቸውም። ለማወቅ ነው።»

«ማንም ሳያዘው ሰው ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ያካፍላል? እኔ ይህን ለበላይ ብናገር ማን ያምነኛል?»

ስለዚህ የያዝሁትን ብቸኛ ነገር ሰጠኋቸው። «በሙያዬ እምላለሁ፤ ቁጥሩ አይካፈልም። ያላመነ ሰው ይፈትነው» አልሁ። አቶ አለኸኝም ራሳቸውን ነቀነቁና ነገሩን ወደ አውራጃ እንደሚያስተላልፉት ነገሩኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አውራጃ ተጠራሁ። የጠራኝ ካድሬ ጓድ ታምራት ይባላል፤ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ካኪ የለበሰ፣ ጥፍሩን የሚነክስ ወጣት። ይቀመጡ አላለኝም።

«መምህርት፣ ይህ ቁጥር አይካፈልም ብለው ምለዋል?»

«አዎ ጓድ።»

«ባሕር ዳር ካልኩሌተር ያለው መሐንዲስ ወዳጅ አለኝ። ላክሁለት። በሁለት መቶ ዘጠና ሦስት ይካፈላል ብሎ መለሰልኝ።»

ያችን ደቂቃ እስካሁን አልረሳትም። እርሳስና ብጣሽ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። ቆሜ አካፈልሁ። ሦስት፣ አራት፣ አንድ፣ ሦስት። ቀሪ የለውም። ድጋሚ አካፈልሁ። ቀሪ የለውም። ጋሽ ዲንሳን ላድን ብዬ በሙያዬ የማልሁበት ነገር ሐሰት ሆኖ እፊቴ ተቀምጧል። ለብዙ ዓመታት ፈተና አርሜአለሁ፤ ተማሪ ወድቆ ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ እንደዚያች ሰዓት ግን በሥራዬ ወድቄ አላውቅም።

«ሰውዬው አካፈልሁት፣ አይካፈልም አሉ» አለ ጓድ ታምራት። «ይካፈላል። ስለዚህ አላካፈሉትም። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ያለው ማካፈል አይደለም፤ ሌላ ነገር ነው። የት ላይ ነው የተሳሳትሁት?»

የመጨረሻዋን ጥያቄ የጠየቀኝ እንደ ካድሬ አልነበረም። እንደ ተማሪ ነበር። ያ ነው ልብ የሰጠኝ።

«ጓድ፣ ሰው አካፍሎም ሊሳሳት ይችላል።»

«ከዚህ ሁሉ ቁጥር መሳሳት በማይገባቸው በዚያ በአንዱ ላይ?»

«ጋሽ ዲንሳ ስህተት አያጠፉም። ተሳስተው ከሆነ ስህተቱ ግድግዳው ላይ አለ። ሄደን እንየው።»

ጥፍሩን ነከሰ። ከዚያ ኮቱን አነሣ።

ገበያውን አቋርጠን ስንሄድ ሰው መንገድ ይለቅልን ነበር፤ እኔም የታሰርሁ መስሏቸው የሚያውቁኝ ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ይዘው ያዩኛል። እማማ ስንዱ ግቢ ስንደርስ የጋሽ ዲንሳ በር ክፍት ነው። እማማ ስንዱ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ሆኖ ግድግዳውን እየለቀለቁ ነበር። አንዱን ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ጨርሰዋል፤ የሚቀጥለውን ጀምረዋል።

«እማማ! ምን እያደረጉ ነው?» ብዬ ጮህሁ።

ካድሬውን ሲያዩ ደነገጡ። «ላጥፋላቸው ብዬ ነው ልጄ። ግድግዳው ከሌለ ክሱም ይቀራል ብዬ...» አሉና ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ምን ልበላቸው? እኔም ጠጠር ደርድሬ ከዚህ የተሻለ አልሠራሁም። እጃቸውን ይዤ አስነሣኋቸውና ውሃ አምጥቼ አስታጠብኋቸው።

የጠፋው ትልልቆቹ ቁጥሮች ያሉበት፣ ወደ ሺህ የሚጠጋው ግድግዳ ነበር። ጓድ ታምራት መስኮቱን ከፈተ። ከአልጋው ራስጌ ጀምረን ተከተልነው፤ ሰባት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት... ማካፈሎቹ እንደ መሰላል ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ከእያንዳንዱ ሥር ቀሪው ተሰምሮበታል። ሁለት መቶዎቹ ወደ በሩ አካባቢ ናቸው። ሁለት መቶ ዘጠና ሦስት ኮት መስቀያው ሥር ነበር። የጋሽ ዲንሳ አሮጌ ኮት ተሰቅሎበት ስለነበር እማማ ስንዱም አልደረሱበትም። ኮቱን አነሣሁት።

ሺህን በሁለት መቶ ዘጠና ሦስት፣ ሦስት ጊዜ፤ ቀሪ መቶ ሃያ አንድ። ዜሮ ሲወርድ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥር። አራት ጊዜ፤ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰባ ሁለት። ሲቀነስ...

«ሃያ ስምንት» አለ ጓድ ታምራት። ጣቱን ከሰሉ ላይ አሳረፈ። «ሠላሳ ስምንት ነው መሆን የነበረበት። ሲበደሩ አንድ ጊዜ አብዝተው ቀነሱ።»

እውነት ነበር። አንድ አሃዝ። ከዚያች ሃያ ስምንት በኋላ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ የተሳሳተውን ይዘው በትክክል ሄደው መጨረሻው ላይ ቀሪ መቶ ሰባ ሁለት አግኝተው አስምረውበታል።

ይበቃናል ብዬ ነበር። እሱ ግን አልበቃውም። የሚቀጥለውን ሦስት መቶ ሰባትን በብጣሽ ወረቀት ላይ ራሱ አካፈለ፤ ቀሪ መቶ አሥር አገኘ፤ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ፤ መቶ አሥር ይላል። ሦስት መቶ አሥራ አንድን አካፈለ፤ መቶ አርባ አራት፤ ግድግዳውም መቶ አርባ አራት። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከመጀመሪያው ጀመረ። እማማ ስንዱ ዳቦ ቆርሰው ሰጡት፤ እየበላ ያካፍላል። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ዞረች። በመጨረሻ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ሁለተኛ ዓመት ነበርሁ» አለኝ ሳላስበው። «ዩኒቨርሲቲ፣ ሂሳብ ክፍል። ዘመቻ ወጣሁ፤ አልተመለስሁም።»

በማግስቱ ጠዋት እስረኞቹ ካሉበት ግቢ ድረስ አብሬው ሄድሁ። ጋሽ ዲንሳ ወጡ። ጺማቸው አድጓል፤ ጫማቸው ማሰሪያ የለውም። እኔን ሲያዩ «አንቺ እዚህ ምን አመጣሽ?» አሉኝ በቁጣ፤ ለእኔ ፈርተው ነው።

«ጋሽ ዲንሳ፣ ቁጥሩ ይካፈላል» አልኋቸው። ሌላ ነገር ማስቀደም ነበረብኝ፤ አፌ ላይ የመጣው ይህ ነው።

«በስንት?»

«በሁለት መቶ ዘጠና ሦስት። ጓድ ታምራት ባሕር ዳር ልከው አስመርምረውት ነው።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። «ሦስት... አራት... አንድ... ሦስት» አሉና ዓይናቸውን ከፈቱ። «ኧረ ዲንሳ! ኧረ አንተ ሰውዬ!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው አልቆም ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እንባቸው በጺማቸው ላይ ወረደ። ዘበኛው ለምን እንደሚሳቅ ሳያውቅ አብሮ ሳቀ።

ጓድ ታምራት ግራ ገባው። «ይህ ያስደስታል እንዴ?»

«ጓድ» አሉት ጋሽ ዲንሳ፣ «እኔ ይህን ነገር ከመስከረም ጀምሬ ስፈልገው ነበር። እርስዎ ባሕር ዳር ባይልኩት ኖሮ እንደተሳሳትሁ እሞት ነበር።»

ጓድ ታምራት የሚያይበት ጠፋው፤ ወደ መሬት አቀረቀረ። ያን ዕለት ተፈቱ።

መፈታት ግን እንዲያው መፈታት አልነበረም። ጉዳዩ እስኪጣራ ክፍል ገብተው እንዳያስተምሩ ታዘዘና የትምህርት ቤቱ ዕቃ ክፍል ኃላፊ አደረጓቸው። የተሰበረ ወንበር፣ ያረጀ ካርታ፣ የጠመኔ ካርቶን ይጠብቃሉ። ክፍላቸው ለእኔ ተሰጠኝ። የመጀመሪያው ቀን ስገባ ያቺ ጥያቄውን የጠየቀችው ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ጋሽ ዲንሳ ካልመጡ እኛ እንሂድ?» ሄዱም። በዕረፍት ሰዓት ዕቃ ክፍሉ በር ላይ ተኮልኩለው አገኘኋቸው። ጋሽ ዲንሳ እግሩ በተሰበረ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስህተታቸውን እንዳለ ጽፈውላቸው እስኪያገኙት ይጠብቃሉ።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ወር ባከነ ቲቸር?» አላቸው አንዱ።

«የለም፤ የባከነው ከሁለት መቶ ዘጠና ሦስት ወዲህ ያለው ብቻ ነው» አሉት። ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አይቶ እንዳላየ ሆነ። ሰውዬውን እስከ ዛሬ በዚያ አመሰግነዋለሁ።

ክረምት ሲገባ ጓድ ታምራትም ወደ ዕቃ ክፍሉ መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ የመጣ ዕለት ሊቆጣጠር ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለሆነ ጮክ ብሎ ነው የጠየቃቸው።

«ሁለት መቶ ዘጠና ሦስትን ሳይነኩ፣ ሳያካፍሉ፣ ቁጥሩ ፕራይም አለመሆኑን ማወቅ ይቻል ነበር?»

«ይቻላል» አሉት። «ቁጥሩ የሺህ ስኩዌርና የሦስት ስኩዌር፣ ሁለቱ በየራሳቸው የተባዙት፣ ድምር ነው። ፕራይም ቁጥር እንደዚህ በሁለት ስኩዌር ድምር ከተጻፈ የሚጻፈው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ሁለተኛ መንገድ ከተገኘለት ፕራይም አይደለም ማለት ነው።»

«ይህ ቁጥር ሁለተኛ መንገድ አለው?»

«አለው።»

«የትኞቹ ናቸው?»

ጋሽ ዲንሳ ጀርባቸውን ሰጥተውት በመስኮቱ ዝናቡን ማየት ጀመሩ። ካድሬው ገባው መሰለኝ፤ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ይመጣል። አንድ ጊዜ የመጨረሻ አሃዞቹን እያየ ብዙውን መጣል እንደሚቻል እንዳገኘ ነገራቸው። ሌላ ጊዜ አንዱ ጎዶሎ፣ ሌላው ተጋማሽ ሆነው መጣመር እንዳለባቸው ነገራቸው። ጋሽ ዲንሳ «ጥሩ ነው» ከማለት በቀር ምንም አይሉትም። አብረው ሻይ ጠጥተው ያውቃሉ። ስለ እስሩ ግን ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም።

እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ዳንግላም፣ ቀደም ሲል ኮሶበር እንላት በነበረችው እንጅባራም። ጋሽ ዲንሳ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ክፍላቸው ተመለሱ፤ ጡረታቸውን በሰላም በሉ፤ ሲሞቱም ያስተማሯቸው ልጆች ከሩቅ አገር ሳይቀር መጥተው ቀበሯቸው። ሥራዬን ሳስብ ግን የሚመጣብኝ የዚያ ክረምት ማብቂያ ነው።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ነው፤ መምህራን ወንበር እየጠገንን ነበር። አንድ ላንድሮቨር ግቢው በር ላይ ቆመ። ውስጡ ወታደሮች አሉ። ጓድ ታምራት ወረደ፤ ሻንጣው መኪናው ላይ ታስሯል። ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦር ግንባር መመደቡን ከሰማን ሁለት ሦስት ቀን ሆኖን ነበር። ወደ ዕቃ ክፍሉ ቀጥ ብሎ ሄዶ ጋሽ ዲንሳ ፊት ቆመ።

«ሁለት መቶ ሠላሳ አምስትና ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት» አለ።

ጋሽ ዲንሳ በእጃቸው የያዙትን መዶሻ አስቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሃምሳ አምስት ሺህ ሁለት መቶ ሃያ አምስት» አሉ በዝግታ። ቆዩ። «ዘጠኝ መቶ አርባ አራት ሺህ ሰባት መቶ ሰማንያ አራት።» ከዚያ ደመሩት፤ አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ። ዓይናቸውን ሲከፍቱ ፊታቸው በርቷል።

«ነው» አሉት። «እሱ ነው። ማን ነገረዎት?»

«ማንም።»

ጋሽ ዲንሳ አቀፉት። ካኪው ደረታቸው ላይ ሆኖ፣ እጃቸው የጠመኔና የመጋዝ አቧራ ሆኖ፣ እንደ ልጃቸው አቀፉት። ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ጓድ ታምራት ጀርባው ነጭ እንደሆነ ሮጦ ወጣ።

ላንድሮቨሩ የገበያውን መንገድ ይዞ እስኪሰወር ጋሽ ዲንሳ በሩ ላይ ቆመው አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይህ ልጅ ትምህርቱን መጨረስ ነበረበት» አሉኝ።